ታናሺቱ ስትሄድ

መጋረጃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ብርሃንን በየዓይነቱ ያውቀዋል። ወፍራሙ ጨርቅ የሚያስቀረውን፣ ስሱ የሚያሳልፈውን፣ በመርፌ ቀዳዳ ሾልኮ ወለሉ ላይ የሚበተነውን። ታናሺቱ ያደገችው እንዲህ ባለ ቤት ነው። እናቷ ጨርቅ ትለካለች፣ ትቆርጣለች። ታላቅ እህቷ በመኪና ትሰፋለች። የእህቷ ባል ደግሞ የሰው ቤት እየዞረ ይሰቅላል። ቁመቱ ለጉድ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «መሰላል» ይለዋል። ወንበር ላይ እንኳ ሳይወጣ የሚሰቅልበት ቤት አለ ይባላል፤ እኔ በዓይኔ አላየሁም፣ ግን አላስተባብልም። ታናሺቱ በበኩሏ መስኮቱ ስር ተቀምጣ ጫፍ ትቀመቅማለች፣ ቀለበት ትሰካለች። ሠላሳን ካለፈች ቆይታለች፣ በዚያ ቤት ግን እስከ ዛሬ «ታናሺቱ» ናት።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር፤ ያውም ሰፈሩ አጨብጭቦላት። ጂኦግራፊ ስታጠና፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወደቀች። መውደቅ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ተንቀጠቀጠች፣ ምላሷን ነከሰች፣ ሰው ከበባት። እናትየው ስልክ ሲደርሳት በእጇ የያዘችውን የደንበኛ መጋረጃ እንኳ ሳታስቀምጥ በታክሲ በረረች፤ ልጇንም በዚያው በሰው መጋረጃ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣቻት። ሐኪም ቤት «የሚጥል በሽታ ነው» ተባለ። ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጣት፣ መውደቁም ቆመ። ትምህርቱም አብሮ ቆመ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ አይጥልም። አንዳንዴ ሰውየውን በተቀመጠበት ትቶ ልቡን ብቻ ይዞት ይሄዳል። ታናሺቱ ወሬ መሀል ፀጥ ትላለች። ዓይኗ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ያሻሉ፣ ስትጠራ አትሰማም። ብዙ ሳትቆይ ትመለሳለች፣ ከሆነውም አንዳች አታስታውስም። በመጀመሪያዎቹ ወራት «አሁን እኮ ሄደሽ ነበር» ይሏት ነበር። ያን ጊዜ ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ እህል አልቀምስም ትላለች። ታዲያ አንድ ቀን እናቷ ስለ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ እያወራቻት ሳለ ሄደች። ስትመለስ እናትየው አንጀቷ አልችል አለና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደገመችላት፦ «እና አረንጓዴው ቶሎ ይለቃል እያልኩሽ ነው።»

«ታዲያ ሰማያዊውን አትሸጪላቸውም?» አለች ልጅቷ፤ ሳቀችም። ያን ቀን እራቷን በላች።

በቃ፣ ያ የቤቱ ሕግ ሆነ። ስትሄድ መቀሱን ከእጇ ቀስ ብሎ መውሰድ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከጠርዝ ማራቅ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ ስትመለስ የመጨረሻዋን ቃል አንስቶ መቀጠል። ታላቂቱ መኪናዋን ታቆምና ስትመለስ በዚያው ስፌት ላይ ትቀጥላለች። መሰላል ገና እጮኛ ሳለ ከአማቱ አፍ የሰማው የመጀመሪያው ቁም ነገር ይኸው ነው። ደንበኛ እንኳ ሳይቀር በዓይን ይጠቀሳል። እንደ እናትየው ያለ ጆሮ ደግሞ አልተፈጠረም፤ አንድ ቃል አይስታትም። መሰላል ግን ሁሌ ይጠፋበታል። ስለ ዝናብ ሲወራ ሄዳ ስትመለስ እሱ ስለ ሚስማር ይጀምራል። ታናሺቱም «አንተ ሰውዬ፣ ወሬህም እንደ ቁመትህ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም» እያለች ትስቅበታለች። እሱም ምን ይበል፣ ይስቃል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ! ሰፈር የሚያውቀውን እሷ ብቻ አታውቅም። ሕመሙ ትቷት የሄደ ነው የሚመስላት። ለእሷ ዓለም እንዲህ ናት፦ ሻይ በአንድ እስትንፋስ ይቀዘቅዛል። ደመና ይዘላል። ቆሞ ሲያናግራት የነበረ ሰው ድንገት ተቀምጦ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነ ነገር ይመጣባታል፤ ብርሃኑ ይወፍርና እንደ ማር ይዘገያል፤ የእህቷ የስፌት መኪና ከውሃ ስር የሚጮህ ይመስላል፤ «እዚህ ቦታ ከዚህ በፊት ነበርኩ» ትላለች በልቧ። ደስ የሚል ነገር ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚሆን ይመስላታል። ደግሞስ የማን ሻይ ነው የማይቀዘቅዘው?

መስኮቱ ስር ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ነው ስለ ጥላ ማሰብ የጀመረችው። ጠዋት ሰው ሁሉ በግራ ዳር ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ በቀኝ ዳር። ማንም አላዘዘው፣ ማንም አልጻፈለት፤ ከተማው በሙሉ ቀስ ብሎ፣ ሳያውቀው፣ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ይፈሳል። ይህን የሚያጠና ሰው ይኖር ይሆን እያለች ታስባለች። መርፌዋ እየቆመ እናቷ የሄደች እየመሰላት ትደነግጥ ነበር። እንዲያ ጊዜስ ልጅት አልሄደችም፤ እያሰበች ነው።

ሐኪሙ ለምርመራ በሄዱ ቁጥር እናትየውን ይጠይቋታል፦ «እንዲያው ፍዝዝ ብላ፣ ሄዳ ታውቃለች?»

እናትየው በልጇ ዓይን ስር ተቀምጣ ምን ትበል? «ኧረ በጭራሽ ዶክተር! ተመስገን ነው!»

እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመታት ሄዱ። አንድ ቀን ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን ያህል ዘመን ካልሄደች ምን ይይዛታል? ትማር እንጂ!» አሉ።

እናትየው ክው አለች። ታናሺቱ ወንበሯ ላይ ዞራ፣ ፊቷ በርቶ፣ «እማዬ ሰማሽ? ተመልሼ መማር እችላለሁ እኮ!» አለቻት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እውነቱን ብትናገር የልጇን ፊት በገዛ እጇ ልታጠፋው ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ልጇ ቃሏን የሚደግምላት በሌለበት፣ ሰው መሀል ልትወጣ ነው። ይህች ጨርቅ በዓይኗ ለክታ የማትሳሳት ሴት፣ ይህን መለካት አቃታትና ዝም አለች።

እናም ታናሺቱ ተመለሰች። ዩኒቨርሲቲውም ተቀበላት፤ ግን «አቋርጦ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ካቋረጠ አይመለስም» ብሎ አስጠንቅቆ ነው። ክፍል ውስጥ አብረዋት የሚቀመጡት ልጆች እሷ ስትወድቅ አንደኛ ክፍል እንኳ አልገቡም ነበር። መድኃኒቱ አእምሮዋን ያዘገየዋል፤ አንድ ገጽ ሁለቴ ታነባለች፤ መምህሩ ሲጠይቋት «ኬንትሮስ» የሚለው ቃል ይሸሻትና በእሱ ፈንታ «ቀለበት» ምላሷ ላይ ይመጣል። ሌሎቹ ሲያነቡ ሲያድሩ እሷ በጊዜ መተኛት አለባት፤ እንቅልፍ ያጣች ዕለት ጭንቅላቷ ይከብዳል። ቢሆንም ደስታዋ ልክ የለውም። በአሮጌው መተላለፊያ ስታልፍ ግድግዳውን በጣቷ እየነካች ነው የምትሄደው፣ እንዳይጠፋባት።

እናትየው የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። መሰላልን ጠርታ «ተከተላት፣ እንዳታይህ!» አለችው። እንዳታይህ! የመንገድ መብራት የሚያክል ሰው ከአንድ ችግኝ ኋላ ተደብቆ አገኘችው።

«አንተ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እ... መጋረጃ ልለካ።»

«ለዛፉ?»

መሰላል ዛፉን አየ፣ እሷን አየ፣ «ፀሐይ በዝቶበት...» ብሎ ነገሩን ሊያሳምር ሲል እሷ በሳቅ ፈርሳ ነበር። ወደ ቤት መለሰችው። እሱም ለአማቱ «ደህና ናት እማማ፣ ስቃለች» ብሎ ነገራት።

ለመመረቂያ ጽሑፏ ያመጣችው ርእስ ጥላ ነው። አማካሪዋ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ሲያስቡ ጠመኔ የሚቆረጥሙ የሚመስሉ መምህር፣ መጀመሪያ «ጥላ ምኑ ይጠናል?» አሏት። በኋላ ግን የሳበቻቸውን መስመሮች ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ታናሺቱ የመጋረጃ ቤቱን ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከተማውን ዞረችው። ጠዋት አንድ መንገድ ላይ ትደርስና የሕንፃዎቹን ጥላ ትለካለች፤ ቀትር ላይ ትመለሳለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና። ጫማ ጠራጊው ሣጥኑን ጥላውን ተከትሎ ሲገፋ፣ ጋዜጣ ሻጩ ከባንኩ ግንብ ወደ ፋርማሲው ግንብ ሲሻገር፣ አሮጊቶች ለወሬ የሚቆሙበት ቦታ በሰዓት በሰዓቱ ሲሸሽ አየች። እኩለ ቀን ላይ ጥላው በአንዳንድ መንገድ አንድ ክንድ ብቻ ይቀራል፤ ሰዉ በዚያች ክንድ ላይ አንድ በአንድ፣ ትከሻውን ግንብ እያስታከከ፣ ያለ ድምፅ ያልፋል። እሷም ከኋላቸው ትሄዳለች። ብርሃኑ ይወፍራል፣ ይቀልጣል። አንዳንዴ ሜትሩን ዘርግታ ስትጎነበስ ጥላው እዚህ ነበር፤ ቀና ስትል ፈቀቅ ብሏል። ፀሐይ ፈጣን ናት ብላ ታልፈዋለች።

አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። ክፍሉ ሁሉ «ወሬኛዋ» ይላታል፤ እሷም ሥራዋን ታውቃለችና አትቀየምም። ታናሺቱን «እትዬ» ትላታለች። ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ ግቢው ሣር ላይ ተቀምጠው ሲለማመዱ ታናሺቱ ወሬኛዋን ድንገት እጇን እሷ ፊት ላይ ስታወዛውዝ አየቻት።

«ምን ሆነሻል?» አለች ታናሺቱ።

«እኔ? አንቺ እንጂ! እትዬ፣ ቅር አይበልሽና ልጠይቅሽ፤ የት ነው የምትሄጂው?»

«የት ሄድኩ?»

«አሁን ነዋ! ስታወሪ ስታወሪ ጭልጥ ትያለሽ፣ ብንጠራሽ አትሰሚ፣ ከዚያ ዱብ ብለሽ ትመጫለሽ። እኛ እኮ 'ደርሶ መልስ' ብለንሻል። መጀመሪያ እንቅልፍ ነው ብለን ነበር...» ወሬኛዋ የታናሺቱን ፊት ስታይ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ዘጋች። «አታውቂም እንዴ?»

ታናሺቱ እጇ ላይ ያለውን ሻይ ቀመሰችው። ቀዝቅዟል። ዓመታትን ሙሉ የቀዘቀዘው ሻይ ሁሉ ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ ገባ።

«ብዙ ጊዜ ነው?» አለች ድምፅዋ እየሰለለ።

«ኧረ እኔ ምኔ ቆጣሪ ነው! አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ የለም፣ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ደጋግሞሽ... እትዬ በእናትሽ፣ አታልቅሺ።»

ቤት ስትደርስ እናቷና እህቷ ጨርቅ ሊያመጡ ወጥተዋል። መሰላል ብቻውን የሱቁ መስኮት ላይ ዘንግ ይሰቅላል። ቆማ ከታች ወደ ላይ አየችው።

«መሰላል። እኔ እሄዳለሁ እንዴ?»

«የት?» አለ አፉ ውስጥ ሚስማር እንደያዘ።

«የት እንደሆነ ታውቃለህ።»

መሰላል መዶሻውን ያዘ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ ያዘ። መዋሸት ፈልጎ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ግን ለዚህ የሚሆን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አልነበረውም። ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ እንኳ ረጅም ነው። «እኔ አልችልበትም ብያቸው ነበር» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እየተንሰቀሰቀ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ መቀሱ፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ደንበኞቹ። «ሚስማር ሚስማር የምለውም እብድ ሆኜ አይደለም» አለ በመጨረሻ።

እናቷ ገና በሩን ከፍታ ስትገባ ከልጇ ፊት ላይ አነበበችው። የያዘችው ጨርቅ ከብብቷ ወደቀ።

«ስንቱን ዓመት ነው!» አለች ታናሺቱ። ጮኻ አታውቅም ነበር፣ ያን ቀን ጮኸች። «የእኔን ሕይወት ከእኔ በቀር ሁሉ ሰው አየው! ሐኪሙ ፊት ተቀምጠሽ! መድኃኒቱ ይስተካከልልኝ ነበር እኮ! መንገድ ስሻገር ብሄድስ? በየጎዳናው ለብቻዬ ስዞር ብሄድስ?»

«ሳቅሽ እኮ ነው» አለች እናትየው። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «ያን ቀን ሳቅሽ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እህል አልቀመስሽም። ስትስቂ... እኔ ምን ላድርግ? አንቺ ከምታለቅሺ እኔ ብዋሽ አልኩ።»

«የሳቅሁት ስላላወቅሁ ነው!»

«እሱማ አዎ» አለች እናትየው።

ያን ሰሞን መጋረጃ ቤቱ ውስጥ ከስፌት መኪናው በቀር የሚናገር አልነበረም። ታናሺቱ ለብቻዋ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ያዙ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ያንቺ ደግሞ የተደበቀው ካንቺው ነው» አሉ። ሌላ መድኃኒት ጨመሩላት፤ ቀስ በቀስ ነው የሚሠራው፣ ከናካቴው ላይጠፋም ይችላል፤ መንገድ ከሰው ጋር ተሻገሪ፣ ከፍ ያለ ቦታ አትውጪ፣ እንቅልፍ አታጓድዪ አሏት። ማቅረቢያው ግን መድኃኒቱ እስኪሠራ የሚጠብቅ አልነበረም። በዚያ ወር ካላቀረበች አቋርጣለች ማለት ነው፤ ደንቡን ታውቃለች። መምህራኑና ተማሪው ፊት ቆማ፣ መሀል ላይ ብትሄድስ? ያ ደረጃ ትዝ አላት፣ ከላይ የከበቧት ፊቶች።

እናትየው ማታ በሩ ላይ መጣች። «ይቅርብሽ ልጄ» አለች። «የሰው መሳቂያ ከምትሆኚ። ዲግሪ ሳይኖረን ኖረናል።»

«እማዬ፣ ተመልሼ መስኮቱ ስር ልቀመጥ? አንቺ ልትደግሚልኝ?»

«እኔስ ልምጣ?» አለች እናትየው በቀጭን ድምፅ። ታናሺቱ ገና አኩርፋለች፤ ግን «ነይ» አለቻት። «ግን አፍሽን ትይዣለሽ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከፊት ሦስት ፈታኞች፣ ከኋላ ተማሪዎች፣ ጥግ ላይ መጋረጃው ሁለት ቀለበት የጎደለበት መስኮት። መሰላል ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከዚያ መስኮት ላይ መንቀል አቃተው። እናትየው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ከወሬኛዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ታናሺቱ የከተማውን የጥላ ካርታ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራች፤ የጠዋቱን በሰማያዊ፣ የቀትሩን በቡናማ፣ የማምሻውን በሐምራዊ። የመጠቆሚያ ዘንጉን ያዘች።

«ከመጀመሬ በፊት» አለች፣ «አንድ ነገር ልናገር። እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ። አሁን አሁን አይጥለኝም፣ ግን ይወስደኛል። መሀል ላይ ዝም ካልኩ ነገሩ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ሄጄ ነው። እባካችሁ ጠብቁኝ። ማንም አይደግምልኝ፣ ማንም አይጨርስልኝ።»

ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አማካሪዋ «እንጠብቃለን» አሉ።

ጀመረች። ቃላቱ ቀስ ቀስ እያሉ መጡ፣ ግን መጡ። በ«ኬንትሮስ» ፈንታ «ቀለበት» አላለችም። ከገበያው ወደ አውቶቡስ ጣቢያው የሚወርደውን ረጅም መንገድ ይዛ ሰዉን በጥላው ዳር እየመራች ወረደች። ጫማ ጠራጊውን አለፈች፣ ጋዜጣ ሻጩን አሻገረች። ድምፅዋ ጠና። ክፍሉ ውስጥ ብርሃኑ እየወፈረ መጣ። ከካርታው ላይ ሰማያዊው ተነስቶ ወደ እሷ የሚፈስ መሰላት። እዚህ ቦታ ከዚህ በፊት ነበርኩ አለች በልቧ፤ የሆነ ሰው ከሩቅ ያስላል፤ የግንቡ ጥላ ቀዝቀዝ ይላል፤ በጣም ደስ ይላል።

ዘንጉ መሬት ላይ ነው።

መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ዘንጉ በእጇ ነበር፣ አሁን መሬት ላይ ነው። ቀጥሎ ፀጥታውን ሰማች። ማንም አያወራም። ማንም ስለ ጨርቅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሚስማር አይቀጥልም። መነጽር አድርገው የነበሩት ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ክፍተቱ እዚያው ክፍሉ መሀል ተቀምጧል፣ የሸፈነው የለም። ታናሺቱ ከዚያ ደረጃ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መሄዷን በገዛ ዓይኗ አየች። ፊቷ ጋለ። መሮጥ አማራት።

ዓይኗ ክፍሉን ዞረ። እናቷ ቆማለች፤ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች።

«እማዬ» አለች ታናሺቱ። «ሄጄ ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እናትየው እጇን ከአፏ ላይ አወረደች። ያንን ቃል ለማውጣት እንዴት እንደታገለች ያየ ያውቃል፤ ከንፈሯ ሁለቴ ተከፍቶ ሁለቴ ተዘጋ።

«አዎ ልጄ» አለች። «ሄደሽ ነበር።»

ታናሺቱ ጎንበስ ብላ ዘንጉን አነሳች። የት እንደደረሰች አታውቅም። የነገራትም የለም፣ እንዳይነግሯት ያለችው ራሷ ናት። ካርታውን ቆማ አየችው። ከዚያ ዘንጉን ከገበያው ላይ አኖረችና መንገዱን ከላይ ጀመረችው። ጫማ ጠራጊውን እንደገና አለፈች፣ ጋዜጣ ሻጩን እንደገና አሻገረች፤ አንድም ሰው «ይህን ሰምተናል» አላላትም። እስከ ጣቢያው ድረስ ወረደች። ስትጨርስ መነጽር ያወለቁት ፈታኝ «ዝናብ ሲሆንስ፣ ጥላ ሳይኖር ሰው በየት ይሄዳል?» አሉ። «በዚያው ዳር ነው፤ ጥላ የሚጥለው የሰገነት ክፈፍ ዝናብም ይከለክላል» አለች፤ ይህንንም ዞራ እንዳየችው አስረዳች። ውጭ አስጠብቀው መልሰው ጠሯት። አልፈሻል አሏት፤ ያውም በጥሩ ውጤት።

ወሬኛዋ እልልታዋን አቅልጣ፣ ግቢውን ሁሉ ሰብስባ ከጨረሰች በኋላ፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ወደ ቤት ወጡ። መሰላል «ሁለት ቀለበት ብቻ ነው፣ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰዉ ሁሉ በቀኝ ዳር ይሄዳል። እነሱም በቀኝ ዳር ሄዱ። ከጠቡ ወዲህ እንዲህ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም።

«እማዬ፣ ስሄድ የመጨረሻው ቃሌ ምን ነበር?» አለች ታናሺቱ።

«እኔ እንጃ።»

«አንቺ? አንቺ እኮ አንድ ቃል አይስትሽም!»

እናትየው ጥቂት ሄደች። «በሄድሽ ቁጥር እኔ ቃልሽን ነበር የምይዘው። እንዳይጠፋብኝ ዓይኔን መሬት ተክዬ፣ በልቤ እየደጋገምኩ። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ስትሄጂ ፊትሽን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ዛሬ አትድገሙልኝ ስትይ ጊዜ የምይዘው አጣሁ። አንቺን አየሁሽ።»

ታናሺቱ ቆመች። ይህን እስከ ዛሬ የነገራት ሰው የለም፣ የምትጠይቀውም አልነበራትም። «ምን እመስላለሁ?» አለች።

«አትፈሪም» አለች እናትየው። «እኔ የምትፈሪ ነበር የሚመስለኝ። ፊትሽ ፈታ አለ። አፍሽ ትንሽ ተከፈተ። ጣትሽ የቀሚስሽን ጫፍ ያሻል፣ ጨርቅ የምትመርጪ ይመስል። ዘንጉ ወደቀ፣ አልሰማሽውም። ከዚያ ስትመለሺ ዓይንሽ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። መስኮቱን አየሽ፣ መምህሮቹን አየሽ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አለፍሽ፣ ማንንም የምታውቂ አትመስዪም።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እኔ ጋ ስትደርሺ ቆምሽ።»

መሻገሪያው ጋ ደርሰው ነበርና ታናሺቱ የእናቷን ክንድ ያዘች፤ መኪናው እስኪያልፍ ጠብቀው ተሻገሩ።